ለአሮጌ ሰነዶች የሜታዳታ ፕሮፋይል ሳዘጋጅ የተማርኩት

ስካን የተደረጉ ደብዳቤዎች፣ ፎቶዎችና የብራና መጻሕፍት ነበሩ። ዝርዝራቸው በኤክሴል ተሞልቷል። «ቀን» በሚለው አምድ «1966»፣ «የካቲት 66»፣ «በደርግ ጊዜ» እና «1/1/1900» ተደርድረዋል። የእኔ ሥራ ለዚህ መዝገብ የሜታዳታ (ስለ ሰነዶቹ የሚመዘገበው መረጃ) ፕሮፋይል፣ ማለትም የአመዘጋገብ ደንብ፣ ማውጣት ነበር።

የተነሳሁት ሰነዶችን ለመግለጽ ከሚያገለግለው የሜታዳታ ስታንዳርድ፣ ከደብሊን ኮር ነው። 15ቱ መሠረታዊ መግለጫዎቹ (እንደ ርዕስ፣ ፈጣሪና ቀን ያሉት) በዓለም ዙሪያ ይታወቃሉ። ግን አንዱም ግዴታ አይደለም፣ ሁሉም መደጋገም ይችላሉ። ስለዚህ «ደብሊን ኮር እንጠቀማለን» ማለት ብቻውን መዝገብን አያስተካክልም። የቱ የግድ ይሞላ? የቱ አንዴ ብቻ ይግባ? የቱ ከተዘጋጀ ዝርዝር ይመረጥ? ይህን የሚወስነው ፕሮፋይሉ ነው።

ደንቦቹን ዲሲታፕ (DCTAP) በሚባለው፣ ፕሮፋይልን በሰንጠረዥ መጻፊያ በሆነው የደብሊን ኮር አሠራር ጻፍኳቸው። እያንዳንዱ ረድፍ ስለ አንድ መግለጫ ይናገራል። በጣም የወደድኩት ኮድ የማይጽፉት መዝጋቢዎችም አንብበው «ይሄ አይሠራም» ማለት መቻላቸውን ነው። ብዙ ነገር ያስተካከልኩት በእነሱ አስተያየት ነው።

ከባዱ ቀኑ ነበር። 1966 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ከመስከረም 11 ቀን 1973 እስከ መስከረም 10 ቀን 1974 ያለው ጊዜ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ኮምፒውተር ግን ሰነዱን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል። ጳጉሜን ደግሞ የባሰ ነው። የተለመደው የኮምፒውተር የቀን ዓይነት 13ኛ ወር አይቀበልም። ስለዚህ ቀኑን ሦስት ቦታ ከፈልኩት፦ ሰነዱ ላይ እንደተጻፈው፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ ከዚያም ተሰልቶ የተገኘው የአውሮፓ ቀን፣ «ከ» እና «እስከ» ተብሎ። የመጀመሪያውን ማንም አይነካውም።

ያ «1/1/1900» ከየት መጣ? ፎርሙ ባዶ አልቀበልም ስላለ ነው። ሰው የማያውቀውን ሙላ ከተባለ የሆነ ነገር ይጽፋል፣ ያ ደግሞ እውነት መስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ግዴታዎቹን በጣም ቀነስኳቸው። ቀን ግዴታ አይደለም፤ ቀን ከተጻፈ ግን የዘመን አቆጣጠሩ የግድ ነው። እንዲህ ያለውን «ይህ ካለ ያ ይኑር» ደንብ ሰንጠረዡ አይችለውም። ለዚህ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2017 መደበኛ የሆነውን ሻክልን (SHACL)፣ መረጃ ደንብ መከተሉን መፈተሻ ቋንቋ፣ ተጠቀምኩ። ሻክል ስህተትንና ማስጠንቀቂያን ይለያል። አጠራጣሪው ነገር መዝገቡን ሳያስቆም ለሰው ዓይን ይቀርባል።

ስምም ላይ ጠንከር ብያለሁ። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና ወደ ፊት አይመጣም፤ ሙሉ ስሙ እንዳለ ይገባል። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈው አንድ ሰው ከሆነ፣ ሁለቱም አጻጻፎች ተጠብቀው በአንድ መለያ ቁጥር ይያያዛሉ።

ፕሮፋይሉን ሥራ ላይ ከማዋሌ በፊት ሆን ብዬ የተበላሹ መዝገቦች ሠራሁ። ደንቡ ትክክለኛውን ማሳለፉ አይበቃም፤ የተበላሸውን መያዙም መታየት አለበት። ጳጉሜን 3 የተጻፈበትን መዝገብ በተለይ አስገቡበት፣ ብዙ ክፍተት የሚወጣው እዚያ ጋ ነው።