ከሻርለሯ እስከ ሚላኖ በጋቢ

ያቺን የብረት ሳጥን የፈለሰፋት ሰው ሐበሻ ጓደኛ እንደሌለው እርግጠኛ ነኝ። በርካሽ አውሮፕላን አውሮፓን የዞራችሁ ታውቋታላችሁ። መሳፈሪያው በር ላይ ተገትራ ትጠብቃለች። 40 በ30 በ20 ሳንቲ ሜትር። ቦርሳህ ከገባባት ትሳፈራለህ። ካልገባባት የትኬትህን እጥፍ ከፍለህ ትሳፈራለህ። ልመና የለ፣ አማላጅ የለ።

ቤልጂየም ውስጥ ሉቨን የምንማር ልጆች አርብ ሲደርስ እግራችንን ይበላናል። የስኮላርሺፑ ብር ለወሩ መጨረሻ ባይደርስም የቤልጂየም የመኖሪያ ፈቃድ ሸንገን በሚባሉት የአውሮፓ አገሮች ውስጥ ያለ ሌላ ቪዛ ያዞራል። አዲስ አበባ ኤምባሲ በር ላይ የባንክ ስቴትመንት ታቅፎ የተሰለፈ ሰው፣ አንዴ ያለ ቪዛ አገር መሻገር ከቻለ ማን ቤቱ ያስቀምጠዋል? የሚላኖን ትኬት ያገኘሁት ሁለት ሳንድዊች በሚያስበላ ዋጋ ነው።

እንደምሄድ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ግን ተሰማ። የዶርም ጎረቤቴ ማታ በሬን አንኳኳ።

«ሚላኖ አክስቴ አለች። ትንሽ ዕቃ ናት፣ አታስቸግርህም።»

ትንሿ ዕቃ ጋቢ ሆና ተገኘች።

ስካርፍ አላልኩም። ጋቢ ነው ያልኩት። የእጅ ፈትል፣ አራት ድርብ፣ ከጎጃም የመጣ። ጋቢ ታጥፎ ሲሰጡህ ጨዋ ይመስላል። ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ነው ጠባዩ የሚወጣው። ማታ ቦርሳው ላይ ተቀምጬ ዚፑን ዘጋሁት። ሌሊት «ጭርር» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠዋት ሳየው ዚፑ እስከ ግማሽ ራሱን ከፍቷል። እንደገና ተቀመጥኩበት። ባቡር ላይ ለብቻው ወንበር ይዞ ሄደ። ትኬት ተቆጣጣሪው ከእኔ በፊት እሱን ነው ያየው።

መቼም ከተነሳ አይቀር፣ ስለ ኤርፖርቶቹም ልናገርና ይውጣልኝ። ሻርለሯ ከብራስልስ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል። እነሱ ግን «ደቡብ ብራስልስ» ይሉታል። ቦቬ የሚባለውን «ፓሪስ» ብለው ይሸጡልሃል፤ ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል። የፍራንክፈርቱ ሃን ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዳማ ላይ አውርደው «እንኳን ወደ አዲስ አበባ በደህና መጡ» እንደማለት ነው። ከዚያ አውቶቡሱ የአውሮፕላኑን ያህል ያስከፍልሃል። ይሄ ሁሉ አልፎ እንኳን የአውሮፓ ፓስፖርት የሌለን ሰዎች ወረቀታችን እስኪታይልን ለብቻችን እንሰለፋለን። ሌላው በስልኩ እያለፈ እኛ ወረቀት ታቅፈን። እሺ፣ ይሁን።

በሩ ጋ ደረስኩ። ከፊቴ አንድ ፈረንጅ ቁመቱን የሚያክል የተራራ ቦርሳ አዝሏል። ጫማ ተንጠልጥሎበታል፣ ፍራሽ ተጠቅልሎበታል፣ መጥበሻም ያየሁ መስሎኛል። ሠራተኛዋ «መልካም ጉዞ» ብላ አሳለፈችው። እኔን ስታይ ጣቷ ወደ ሳጥኗ ሄደ።

ቦርሳዬን ከላይ አስቀመጥኩት። ገፋሁት። በጉልበቴ ተጫንኩት። ጋቢው ወይ ፍንክች። ያን ጊዜ በአማርኛ የአፌን መናገር ጀመርኩ። ሠራተኛዋን፣ አየር መንገዱን፣ ጎረቤቴን፣ ጎረቤቴን የወለዱትን። እዚያ ማን ይሰማኛል ብዬ?

«ልጄ፣ ስድቡ አያስገባልህም። ክፈተው!»

ዞር ስል ነጠላ አንገታቸው ላይ ጣል ያደረጉ እናት ቆመዋል። ሚላኖ የከረሙ፣ ብራስልስ ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ። ያልኩትን ሁሉ ሰምተዋል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

«እማማ፣ ይተዉት፣ እከፍላለሁ።»

«ምን ሲደረግ! ገንዘብህን ለእነዚህ?»

ዚፑን ሳብ አደረጉት። ጋቢው ሌሊቱን ሙሉ ይችን ሰዓት ሲጠብቅ ኖሯል። ወጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ወጣ። ሰልፈኛው ወደ ኋላ ሸሸለት። ከሥሩ ደግሞ ካልሲዎቼ ታዩ። እማማ አንዱን አነሱ። ሌላውን አነሱ። ወደ መብራቱ ቀና አድርገው አስተያዩዋቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ካልሲ ለቅዳሜና እሁድ? ጥንዳቸውስ የታለ?»

ሌሊት እንቅልፍ ሲርቀኝ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። አሁን ጥሩ ጥሩ መልስ ሁሉ ይመጣልኛል። ያኔ ያልኩት «ዶርም ነው ያለው፣ እማማ» ብቻ ነው። እሳቸው ግን አልበቃቸውም። ከኋላቸው ላሉት ጣልያኖች በጣልያንኛ አስረዷቸው። ጣልያንኛ አልሰማም። ካልሲው ግን እጃቸው ላይ ነበር። ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። መጥበሻ የተሸከመው ሰውዬ ሳይቀር ከውስጥ ዞሮ ሳቀ።

ከዚያ ጋቢውን በጃኬቴ ላይ፣ በራሴ ላይ ጠቅልለው አለበሱኝ። ጸበል የሚወስዱኝ ነው የመሰለው። ቦርሳው ሳጥኗ ውስጥ ጥልቅ አለ። ሠራተኛዋ ልብስ ለበስክ ብላ አታስከፍል ነገር። አሳለፈችኝ።

የደረሰኝ ወንበር መሃለኛው ነው። ግራና ቀኜ ያሉት ሰዎች ከጋቢው የተረፈቻቸው ቦታ ላይ ተሸማቀው ተጓዙ። እኔ ላቤ ይንቆረቆራል። ማውለቅ አልችልም፤ ካወለቅኩት የት አደርገዋለሁ? የበረራ አስተናጋጇ በሽተኛ መስያት ውሃ ይዛልኝ መጣች። በነጻ! በዚያ አየር መንገድ ነጻ ውሃ የጠጣ ሌላ ሰው ካለ ይንገረኝ።

«ሚላኖ» ያሉት ቤርጋሞ ነበር። ሌላ 50 ኪሎ ሜትር፣ ሌላ አውቶቡስ። በማግስቱ ዱኦሞን አየሁ። በ1386 ተጀምሮ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሲሠራ የኖረ ካቴድራል ነው። ያማረ ነገር ነው፣ ከውጭ። ለመግቢያው ቆጠብኩ። ብሬን ይዤ ፖርታ ቬኔዚያ ሄድኩ፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹ የተሰበሰቡበት ሰፈር ነው። ቁጭ ከማለቴ አስተናጋጇ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ሻርለሯ ላይ… አንተ ነህ?»

እማማ ቀድመውኝ ምሳ በልተው ሄደዋል። በያይነቱ ታዘዘልኝ፣ ሒሳቡ ተከፍሏል ተባልኩ። ጎንበስ ብላ ጫማዬን ስትመለከት ግን አይቻታለሁ።

አክስትየው ማታ ጋቢውን ዘርግታ አሸተተችው። «ተለብሷል እንዴ?» አለችኝ። «አይ፣ የአውሮፕላን ሽታ ነው» አልኩ።

እሁድ ስመለስ ተዘጋጅቼ ነው የሄድኩት። ሹራቦቼን በሙሉ ደረብኩ። ካልሲ በካልሲ ላይ አደረግኩ። ቦርሳዬ ጠፍጣፋ ሆነ። ቤርጋሞ በር ላይ ሳጥኗ ቆማለች። ሠራተኛው ስልኩን ይነካካል። ቦርሳዬን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ቀና አላለም። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። «ይለፉ» አለኝ በእጁ። አላልፍም! ራሴ ሄጄ ሳጥኗ ውስጥ ከተትኩት። በአራቱም በኩል አየር ተረፈው። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች «ምን ሆኗል ይሄ?» በሚል ዓይን እያዩኝ ፎቶ አነሳሁት።