አሥራ ስድስቱ የጠፉ ቅጾች

በሙያዬ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በእጄ ካለፉት ማህደሮች መካከል ቁጥሩ ተዛንፎ የተገኘ አንድም እንደሌለ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ለሰው ሁሉ ስናገር ኖሬአለሁ። ስለዚህም የ13 ዓመቷ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ኤክስ-ሜንን ከሥር ከመሠረቱ ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ በሕይወቴ አንድም የኮሚክ መጽሐፍ ገልጬ አለማወቄን እንደ እንቅፋት አልቆጠርኩትም።

«ከቁጥር 1 ነዋ!» አልኳት።

«ከየትኛው ቁጥር 1?»

የልጅ ጥያቄ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካስ የሚሳቅብኝ እኔ ኖሬአለሁ። ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ የፈጠሩት ይህ የልዕለ ጀግኖች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ አንድ ቁጥር 1 አለው፤ በ1991 የወጣ፣ ከ8 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦ በዓለም የድንቃ ድንቅ መዝገብ የሰፈረ ሌላ ቁጥር 1 አለው፤ ከዚያም ወዲህ አሳታሚው ማርቬል ተከታታዩን ዘግቶ በከፈተ ቁጥር እንደገና ከ1 መቁጠር ልማዱ ሆኗል። የ1991ዱ ይባስ ብሎ በአምስት ዓይነት ሽፋን የወጣ ነው፤ አራቱ ሽፋኖች ጎን ለጎን ሲገጠሙ አንድ ሰፊ ሥዕል ይሆናሉ፤ አምስተኛው ደግሞ ያንኑ ሥዕል አጣጥፎ ለብቻው ይይዘዋል። በአምስቱም ውስጥ ያለው ታሪክ ግን አንድ ነው። በእኛ መዝገብ ቤት ይህ አምስት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ደብዳቤ ይባላል፤ መዝጋቢውም ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል።

ልጅቱ እንዳስረዳችኝ ከሆነ፣ ነጠላ እትሞችን አንድ በአንድ እያደኑ መሰብሰብ የሱሰኞች ሥራ ነው፤ ታሪኩን ማንበብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ብዙ እትሞችን በአንድ ላይ የያዘውን ጥራዝ ይገዛል። የጥራዙም ዓይነት ብዙ ነው። ኦምኒባስ የሚባለው ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ አንዳንዱ ከ1000 ገጽ በላይ የሚሄድ፣ ተጋድመው ሲያነቡት እንቅልፍ ሸለብ ካደረገዎት አፍንጫዎን የሚሰብር ግዙፍ ነገር ነው። ኤሴንሻል የሚባለው በርካሽ ወረቀት ላይ በጥቁርና ነጭ የታተመ ነው፤ ቀለም የሌለው ልዕለ ጀግና ግን ለልጅቱ አልተዋጠላትም። ማርቬል በ2013 የጀመረው ኤፒክ ኮሌክሽን የተባለው፣ ለስላሳ ሽፋን ያለውና ባለ ቀለም የሆነው ጥራዝ ግን ገና ምስሉን ሳየው ልቤን ማረከው፤ ጀርባው ላይ የቅጽ ቁጥር ታትሞበታላ! ማን እንደጻፈው፣ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም። በኢንተርኔት ለሚሸጥ አንድ መጽሐፍ ሻጭ «ያላችሁን የኤክስ-ሜን ኤፒክ ኮሌክሽን በሙሉ ላኩልኝ» ብዬ አዘዝኩ።

ካርቶኑ ሲደርስ እህቴ ቤት ሄጄ በገዛ እጄ ከፈትኩት። ሦስት መጻሕፍት ወጡ። መደርደሪያው ላይ አቆምኳቸውና መነጽሬን አስተካክዬ በጀርባቸው ያለውን ቁጥር አነበብኩ፦ 5፣ 12፣ 19።

እጄን ካርቶኑ ውስጥ ከትቼ ዳበስኩ። ገለበጥኩት፤ አራገፍኩት፤ ጥቂት የማሸጊያ ወረቀት ወደቀ። በጣቴ ቆጠርኩ፦ ከ5 በፊት አራት፣ በ5 እና በ12 መካከል ስድስት፣ በ12 እና በ19 መካከል ስድስት፤ በድምሩ 16 ቅጾች የሉም። እኔ እስክመጣ ድረስ ካርቶኑ በማን እጅ እንደቆየ እህቴን ረጋ ባለ ድምፅ ጠየቅኋት። እሷም ካርቶኑ እንደታሸገ እንደነበረ፣ ማሸጊያውንም ከአምስት ደቂቃ በፊት እኔው ራሴ በመቀስ እንደቀደድኩት አስታወሰችኝ። ይህም ሆኖ አልጋ ሥር በባትሪ ፈተሽኩ።

በማግሥቱ ለመጽሐፍ ሻጩ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ጉዳዩ፦ የጎደሉ 16 (አሥራ ስድስት) መጻሕፍትን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ከድርጅታችሁ በተላከልኝ ካርቶን ውስጥ ከቅጽ 1 እስከ 4፣ ከቅጽ 6 እስከ 11 እና ከቅጽ 13 እስከ 18 ያልተካተቱ በመሆኑ፣ መጻሕፍቱ የት እንደቀሩ ተጣርቶ በአስቸኳይ እንዲላኩልኝ በማክበር እጠይቃለሁ።» ከግርጌው «ግልባጭ፦ ለእህቴ» የሚል አከልኩበት፤ በአልጋው ፍተሻ ተቀይማኝ ስለነበር ጉዳዩ በአግባቡ መያዙን እንድታውቅልኝ ፈልጌ ነው።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። «ክቡር ደንበኛችን፣ ከጠቀሷቸው ቅጾች ከፊሎቹ ታትመው፣ ተሸጠው አልቀዋል። የቀሩት ግን አልጠፉም፤ ገና አልታተሙም።»

ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደደጋገምኳት አላውቅም። ያልታተመ መጽሐፍ እንዴት ቁጥር ይኖረዋል? አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። አሳታሚው የቡድኑን የአሥርት ዓመታት ታሪክ አስቀድሞ በየቅጹ ይከፋፍለውና ለእያንዳንዱ ቅጽ በታሪኩ ሂደት ውስጥ የሚገባውን ቁጥር ይመድብለታል፤ የሚያትመው ግን በቁጥሩ ተራ ሳይሆን እሱ በመረጠው ተራ ነው። ስለዚህ ቅጽ 19 ሰው እጅ ገብቶ ሳለ ከእሱ በቁጥር የሚያንሱት ገና ማተሚያ ቤት ያልደረሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁሉም ታትመው ሲያልቁ መደርደሪያው ላይ ያለ አንዳች ክፍተት ይሰለፋሉ፤ ያኔ እኔ ጡረታ ወጥቼ እሆናለሁ። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ልጅቱ ይህን ከመጀመሪያው ታውቅ የነበረ መሆኑ ነው።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጋሼ፣ አልጋ ሥር ነበርክ እኮ።»

ባሉን ሦስት ቅጾች ንባቡ ተጀመረ፤ እኔም ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። ቅጽ 5 በ1975 በወጣው ጃይንት ሳይዝ ኤክስ-ሜን ቁጥር 1 ይከፈትና ወዲያው ቁጥር 94 ይከተላል። ሁለተኛ ደብዳቤ ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሳ ልጅቱ እጄን ያዘችኝ። በ1963 የተጀመረው መጽሔት በ1970 ቁጥር 66 ላይ ሲደርስ አዲስ ታሪክ ማቅረቡን አቁሞ ከ67 እስከ 93 የቆዩ ታሪኮቹን እየደገመ ሲያትም ኖሯል፤ አዲሱ ቡድን በዚያ በጃይንት ሳይዝ ተዋውቆ ጉዞውን የቀጠለው ከ94 ነው። ብዕሬን መለስኩ።

ቅጽ 5ን ስትጨርስ፣ ዳርክ ፊኒክስ የተባለው የኤክስ-ሜን ታሪክ ለብቻው የተጠረዘበትን መጽሐፍ ከጓደኛዋ ተውሳ አነበበች። በ1980 በወጣው ቁጥር 137 ከቡድኑ አባላት አንዷ የሆነችው ጂን ግሬይ ራሷን መሥዋዕት አድርጋ ትሞታለች። ልጅቱ አለቀሰች፤ እኔም፣ መደበቅ አያስፈልገኝም፣ መነጽሬን አውልቄ መጥረግ ግድ ሆነብኝ። በሳምንቱ ቅጽ 12ን ዘልላ ቅጽ 19ን ስትገልጥ ግን ከሌላኛው ክፍል ድረስ የተሰማ ጩኸት አሰማች። በ1991ዱ ታሪክ ውስጥ ጂን ግሬይ ቀይ ጸጉሯን ለቅቃ፣ ምንም እንዳልደረሰባት ሁሉ ከጓዶቿ ጋር ቆማለች።

«ጋሼ! ሞታ የለም እንዴ?»

«የምትመስላት ሌላ ሴት ትሆናለች» አልኩ፤ አላውቅም ማለት አይሆንልኝም።

የሚገርመው፣ ጂን ግሬይን ቁርጥ የምትመስል ሴት በእርግጥም በታሪኩ ውስጥ አለች፤ ማዴሊን ፕራየር ትባላለች። በቅጽ 19 ያየናት ግን ማዴሊን አልነበረችም። እንግዲያው ሟቿ የት ላይ እንደተነሣች ለማወቅ ሁለታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ሦስቱን ቅጾች ገጽ በገጽ አሰስን። እስከ ዛሬም ብናስስ አናገኘውም ነበር፤ ምክንያቱም መመለሷ የተተረከው በኤክስ-ሜን መጽሔት ላይ አይደለም። ነገሩ በ1986 መባቻ በአቬንጀርስ ቁጥር 263 ይጀምራል፤ በፋንታስቲክ ፎር ቁጥር 286 ይቀጥላል፤ ኤክስ-ፋክተር በተባለው አዲስ መጽሔት ቁጥር 1 ላይ ይደርሳል። የሞተችው እሷ ሳትሆን መልኳን የወሰደው ፊኒክስ የተባለ የጠፈር ኃይል ኖሯል፤ እውነተኛዋ ጂን በዚያ ሁሉ ጊዜ ውኃ ሥር በአንድ ቅርፊት ውስጥ ተኝታ ነበር። ይህን በአንድ ላይ ማንበብ የሚፈልግ ሰው የኤክስ-ሜንን ሳይሆን የኤክስ-ፋክተርን ስብስብ መፈለግ አለበት። እስቲ ፍረዱኝ፤ የአንድ ሠራተኛ የሞት ማስረጃ የተሻረበት ደብዳቤ በሌሎች ሁለት መሥሪያ ቤቶች ማህደር ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረችኝን ክብር ለማዳን ስል፣ በ2019 የወጡትን ሃውስ ኦፍ ኤክስ እና ፓወርስ ኦፍ ኤክስ የተባሉትን የደራሲው የጆናታን ሂክማን የኤክስ-ሜን ሥራዎች አንድ ላይ የያዘ ወፍራም ጥራዝ ገዛሁላት። ሁለት ተከታታዮች፣ እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት እትም፤ ከዚህ የቀለለ ምን አለ? ይሁን እንጂ ከመስጠቴ በፊት ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስመረምረው ደሜ ፈላ። ከሃውስ ቁጥር 1 ቀጥሎ የፓወርስ ቁጥር 1 ገብቷል፤ ከሃውስ ቁጥር 2 ቀጥሎ የፓወርስ 2 እና 3 ተከታትለዋል፤ ከዚያ የሃውስ 3 እና 4፤ እንዲህ እየተዘበራረቀ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ጠራዡ ሁለት ክምር ወረቀት በእጁ ይዞ ተደናቅፎ ወድቋል አልኩ።

ቢጫ ተለጣፊ ወረቀቶቼን አወጣሁ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ «እዚህ ላይ ቆመው ወደ ሃውስ ቁጥር 2 ይለፉ»፣ «ይህ ክፍል በኋላ የሚነበብ ነው» እያልኩ፣ ከሥሩም እየፈረምኩ፣ መጀመሪያ ስድስቱን ሃውስ ከዚያ ስድስቱን ፓወርስ የሚያስነብብ መንገድ ዘረጋሁ። ዘጠኝ ዝላይ፣ ዘጠኝ ወረቀት፣ ዘጠኝ ፊርማ። ለእውነት ለመናገር እጅግ ያማረ ሥራ ነበር።

ልጅቱ ሁለት ቀን ሙሉ በትዕዛዜ ስትዘል ከረመች። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉን ታቅፋ መጣች። ለካስ ሁለቱ ተከታታዮች ለ12 ሳምንታት በየሳምንቱ አንድ አንድ እትም እየወጣላቸው፣ ሆን ተብሎ አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲነበብ የታቀዱ ናቸው፤ በአንደኛው የተጠየቀ በሌላኛው ይመለሳል። ነጠላ እትሞቹ ሲወጡ የንባቡ ቅደም ተከተል በየእትሙ መጨረሻ ታትሞላቸው ነበር። ጥራዙም የያዘው ያንኑ ትክክለኛ ተራ ነው። በዚያ ላይ፣ በሁለተኛው ርዕስ ላይ ያለችው ኤክስ የሮማውያን 10 ስለሆነች ርዕሱ የሚነበበው «ፓወርስ ኦፍ ቴን» ተብሎ ነው፤ በዘጠኙ ወረቀቶች ላይ እሱንም አሳስቼ ጽፌዋለሁ።

«ጋሼ፣ አትቀየመኝና» አለች ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየላጠች፣ «እኔ እኮ መጽሐፉ የተወሳሰበ መስሎኝ ነበር።»

መደርደሪያው አሁንም እህቴ ቤት አለ። ላልመጡት ቅጾች ቦታቸውን በማስመሪያ ለክቼ ስለተውኩላቸው፣ በ12 እና በ19 መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት የቤቱ ድመት መኝታ ሆኗል። ባለፈው ስሄድ ድመቷ ጥቅልል ብላ ተኝታለች፤ ከበላይዋ ከእኔው ቢጫ ወረቀቶች አንዱ ተለጥፎ አገኘሁ። እንዲህ ይላል፦ «ከቅጽ 13 እስከ 18 ተገኝተዋል። ግልባጭ፦ ለጋሼ።»