ከሥልጠና ወደ ገቢ፦ ጀማሪዎችን በብረት በር ሥራ ያስጀመርኩበት መንገድ

የብየዳ ሥልጠና ጨርሶ፣ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘናውንም አልፎ ሥራ ፈቶ የሚቀመጥ ወጣት ብዙ ነው። አብዛኛው መበየድ አያቅተውም፤ የሚቸግረው ብረት ሳያባክን መቁረጥና ዋጋ ማውጣት ነው። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ላስነካካቸው አልሞከርኩም። ገበያ ያለውን አንድ ዕቃ፣ 90 በ210 ሳንቲ ሜትር በር፣ ከልኬት እስከ ርክክብ አስያዝኳቸው።

መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ። ባለ 40 በ40 ሚሊ ቱቦላሬ (ባለ አራት ጎን የብረት ቱቦ፣ የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሊ) በ6 ሜትር ዘንግ ይሸጣል። ከአንደኛው ዘንግ የመቃኑ ሁለት ቋሚዎች በ2.10 ሜትር፣ አግዳሚው በ90 ሳንቲ ይወጣሉ፤ ከትራፊው የመዝጊያው የመሃል አግዳሚ 73 ሳንቲ ይቆረጣል። ከሁለተኛው ዘንግ የመዝጊያው ቋሚዎች በ2.045 ሜትር፣ የላይና የታች አግዳሚዎቹ በ81 ሳንቲ። በሩ በሁለት ዘንግ አለቀ። አጫጭሮቹን ቀድሞ የቆረጠ ግን ለአራተኛው ቋሚ ሦስተኛ ዘንግ ይገዛል፤ የጉልበት ዋጋው እዚያ ላይ ይቀራል። ሳይሰላ መጋዝ እንዳይነሳ አጥብቄ የምከለክለው ለዚህ ነው።

ብየዳው ላይ 2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ (እየቀለጠ የሚበይደው ቀጭን ዘንግ) ከ60 እስከ 70 አምፒር ይበቃዋል። ከዚያ ካለፈ ቱቦላሬውን ይበሳዋል። ኤሌክትሮዱ እርጥበት ካገኘውም መስመሩ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፤ ካርቶኑን ሲሚንቶ ወለል ላይ ማስቀመጥ አይገባም። የመዝጊያው አራት ማዕዘን በነጥብ ብየዳ ብቻ ተይዞ ሰያፉ (ከማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን) ይለካል፤ ሁለቱም 2.20 ሜትር ከመጡ ሙሉ ብየዳው ይቀጥላል። ልዩነት ካለ በረጅሙ ሰያፍ በኩል ማዕዘኑን በመዶሻ መታ መታ ማድረግ ነው። ሙሉ በሙሉ ከተበየደ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

ላሜራው (መዝጊያውን የሚሸፍነው ስስ ብረት) ብዙ ጀማሪ የሚሰናከልበት ነው። ዳር እስከ ዳር ሲበየድ ሙቀቱ ስቦት ይወላገዳል። ሁለት ሦስት ሳንቲ በይዶ፣ 15 ሳንቲ ያህል ዘሎ፣ ከዚያ ወደ ተቃራኒው ጎን መዞር።

ዋጋ ሲወጣ ኤሌክትሮድ፣ ዲስክ፣ ቀለም፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ መብራትና የጋሪ ሒሳብ ይገባል፤ ጉልበት የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። ቀብዱ የዕቃውን ዋጋ በሙሉ ካልሸፈነ ሥራ አናስጀምርም፤ በተቀበልንበት ቀንም ብረቱ ይገዛል። በማኅበር የተደራጁ ልጆችን የሚያጣላው ብዙውን ጊዜ ኪስ ውስጥ ያደረ ቀብድ ነው።