እንጉዳይና ሆዴ፦ ክሊኒኩ ያልጠየቀኝ ጥያቄ

በሁዳዴ ሥጋ ሲያምረኝ ወደ እንጉዳይ ዞርኩ። በገለባ ላይ የሚያበቅሉት ነጩ፣ ኦይስተር የሚሉት። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ቃርያ፣ አለቀ። ሰሃን ሙሉ እበላለሁ። ማታ ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ይቆርጠኛል። ጠዋት ሽንት ቤት ስገባ የእንጉዳዩ ግንድ ቢላው የቆረጠውን ቅርጽ እንደያዘ ወጥቷል።

ክሊኒክ ሄድኩ። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ካርድ፣ ወረፋ፣ የሰገራ ምርመራ፤ ምንም የለም። «ለማንኛውም» ተብሎ የአሜባ መድኃኒት ታዘዘልኝ። አልተሻለኝም፣ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ የደም ምርመራ፤ ኤች ፓይሎሪ የሚሉት የጨጓራ ባክቴሪያ፣ ፖዘቲቭ። የደሙ ምርመራ እኮ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል! ማን ይንገረኝ? ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ተሸክሜ ወጣሁ። አፌ ብረት ብረት አለኝ፤ ሆዴ ግን ያው ነው። እንጉዳዩን ተው ያለኝ የለማ። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ብሎ «ሰሞኑን ምን እየበላህ ነው?» ቢለኝ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ጉዳዩ ካይቲን ነው። የአንበጣና የሽሪምፕ ቅርፊት ውስጥ ያለው ጠንካራ ነገር በእንጉዳይ የሴል ግድግዳም አለ። ፈረንሳዊው አንሪ ብራኮኖ እ.ኤ.አ. በ1811 መጀመሪያ ያገኘውም ከእንጉዳይ ነው። ጨጓራችን ካይቲን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው፤ ግን አቅሙ ትንሽ ነው፣ የሚሠራውም አሲድ ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ አሲድ የሚቀንስ ክኒን እየዋጥኩ! ያልተፈጨው ከሌላው ፋይበር ጋር ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ባክቴሪያዎች ከፊሉን ያብላሉታል፣ ጋዙም ከዚያ ይመጣል።

«ፋይበር አብዙ» የሚለው ምክር ለእንጉዳይ ጀማሪ አይሠራም ባይ ነኝ። ግማሽ ጭልፋ ይበቃል። መቀቀል ካይቲንን አያሟሟውም፤ ቢላና ጥርስ ይሻላሉ። ጠንካራውን ግንድ አውጡ፣ ሌላውን አድቅቁ፣ በደንብ አኝኩ። ደም ካያችሁ ወይም ያለምክንያት ከከሳችሁ ግን እንጉዳይ ላይ አታላክኩ፣ ታከሙ። ስትሄዱ የበላችሁትን ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ግንዱን አልጥለውም። አደርቀዋለሁ፣ አልሜ እፈጨዋለሁ፣ ሽሮ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጣል አደርጋለሁ። ከዚያ ካለፈ ሽሮው ሽሮ ሽሮ ማለቱን ይተዋል።