ገውዝ የሸተተኝ ወደብ

ከባርባዶስ ዋና ከተማ ከብሪጅታውን በመርከብ ተነስተን በካሪቢያን ባሕር ላይ ባሳለፍናቸው አሥራ አራት ቀናት፣ በሴንት ሉሲያ 798 ሜትር ከፍታ ያለውን የግሮ ፒቶን ተራራ ጨምሮ ብዙ ውብ ስፍራ ብናይም፣ ከልቤ ያልወጣችው የደሴት አገሯ ግሬናዳ ናት። ዋና ከተማዋ ሴንት ጆርጅስ ትባላለች፤ በእኛ አጠራር ቅዱስ ጊዮርጊስ መሆኑ ነው። በገበያው አንዲት እናት ቢጫውን የገውዝ ፍሬ በቢላ ከፍለው፣ ዘሩን እንደ ዳንቴል የጠመጠመውን ደማቅ ቀይ ሽፋን በጣታቸው ልጠው አሳዩኝ። እናቴ ለመከለሻ ስትወቅጠው ያደግሁበት ደረቅ ፍሬ እንዲህ ያለ ልብስ እንደነበረው አላውቅም ነበር። በባንዲራቸው ላይ ሳይቀር የተሣለው ይኸው ፍሬ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ኢቫን የተባለው አውሎ ነፋስ አብዛኞቹን ዛፎች ጥሎባቸዋል። የበለጠ ልጠይቃቸው ስል የመርከቧ መሳፈሪያ ሰዓት ደረሰ፤ የእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ ትልቁ ቅሬታዬም ይኸው ጥድፊያ ነው።