ሌባው በየእትሙ፦ ከ1975 እስከ 2024 ሥራው እንዴት ተቀየረ

የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን (ተጫዋቾች በዳይስ እየታገዙ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ) እትሞች ከጥንቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ለሚጫወቱ የያዝነው ማስታወሻ ሌባው ላይ፣ ማለትም ተጫዋቹ ከሚመርጣቸው የገጸ ባሕርይ ዓይነቶች አንዱ ላይ ደርሷል። በ1974ቱ የመጀመሪያ እትም ሌባ አልነበረም፤ በ1975 ግሬይሆክ በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ መጣ።

በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ የ1ኛ ደረጃ ሌባ ግድግዳ የመውጣት ዕድሉ 85% ነው። ኮቴ ሳያሰማ ለመሄድ ግን 15%፣ ጥላ ውስጥ ለመደበቅ 10% ብቻ። ጨዋታ መሪው ሁለቱም ካልሰመሩ አይሆንም ካለ ዕድሉ 1.5% ይሆናል። ጀማሪ ሌባ ቶሎ ቶሎ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። የሚሠራው መላ ይህ ነው፦ ጫማውን አውልቆ በግድግዳው ጥግ ለሚያደባ ለማንም ሰው ተራ ሙከራ ይፈቀድ፤ ፐርሰንቱ ለሌባው ብቻ የሚሰጥ ሁለተኛ ዕድል ይሁን። የ1989ኙ 2ኛ እትም ለሌባው ሙያዎች የሚከፋፈል 60 ነጥብ ያድላል፣ በአንድ ሙያ ከ30 ሳይበልጥ። ለሁሉም ትንሽ ትንሽ ማዳረስ ነጥቡን ያባክናል። ኮቴ ባለማሰማትና ጥላ ውስጥ በመደበቅ 30፣ 30 ቢቀመጥ ግን ከእትሙ መነሻ ጋር ተደምሮ 40% እና 35% ይደርሳሉ፤ የሁለቱ ጥምር ዕድል 14% ነው፣ የዘርና የቅልጥፍና ጭማሪ ሳይቆጠር።

ትልቁ ለውጥ የ2000ው 3ኛ እትም ነው። ስሙ ሮግ ሆነ፤ የሸመቃ ጥቃቱ (ያልተዘጋጀ ወይም በሁለት በኩል የተከበበ ጠላት ላይ የሚያደርሰው ተጨማሪ ጉዳት) በየጎዶሎው ደረጃ አንድ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጨምራል። ችግሩ አጽሞችና ከመቃብር የተነሡ ፍጡራን ይህ ጥቃት አይነካቸውም። ዘመቻው መቃብር ውስጥ ከሆነ ሮጉ በባዶ ጩቤ ይቀራል፤ ጨዋታ መሪው ይህን አስቀድሞ ለተጫዋቹ ይንገረው። የ2008ቱ 4ኛ እትም ጉዳት ማድረስን ዋና ሥራው አደረገው።

በ2014ቱ 5ኛ እትም ብዙ ሰው የሚስተው «በዙር» እና «በተራ» መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ተራ የአንዱ ተዋጊ ብቻ ነው፣ ዙር ደግሞ ሁሉም ተራቸውን የሚጨርሱበት ነው። የሸመቃ ጥቃት የተፈቀደው በየተራው አንድ ጊዜ ነው። ጠላት ከሮጉ አጠገብ ሲሸሽ የሚሰነዘረው የአጸፋ ምት በጠላቱ ተራ ላይ ስለሚውል፣ ሁኔታው ከተሟላ በዚያው ዙር ሁለተኛ የሸመቃ ጥቃት ይገኛል። በ5ኛ ደረጃ ይህ 3 ዳይስ፣ በአማካይ 10.5 ጉዳት ነው።

በ2024ቱ ማሻሻያ ከ5ኛ ደረጃ ጀምሮ አንድ ዳይስ ትቶ፣ ማለትም በአማካይ 3.5 ጉዳት ከፍሎ፣ ጠላትን ለመጣል መሞከር ይቻላል። ቀጥሎ ጠላቱን የሚመታው ጓደኛ ባለ ሰይፍ ከሆነ ያዋጣል። ከሩቅ የሚወረውር ባለ ቀስት ከሆነ ግን አትጣሉት፤ መሬት የተኛን ጠላት ከሩቅ መምታት ይከብደዋል።