የታፈነው በርሜል፦ የማድ ቤት ትርፍራፊን ወደ አፈር ስመልስ የተማርኩት

አካባቢን የማይጎዳ አኗኗር ለመጀመር ስነሣ ብዙ ምቾት የሚያሳጣኝ መስሎኝ ነበር፤ አብዛኛው ግን ከልማድ ለውጥ የማያልፍ ሆኖ አገኘሁት። አምፖሎቹን አንድ በአንድ ሲቃጠሉ በኤልኢዲ ተካሁ፣ ልብስ በ30 ዲግሪ ማጠብ ጀመርኩ፣ ድስት ስጥድ መክደን ለመድኩ። አንዱም አልከበደኝም። አስቀድሞ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ የምቆጨው በብስባሽ (ከትርፍራፊ በሚሠራው የአፈር ማዳበሪያ) ዝግጅት ነው።

መነሻዬ ከአንድ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ያገኘሁት በራሪ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ የአትክልት ልጣጭንና የምግብ ትርፍራፊን በበርሜል አጠራቅሞ፣ ሽታ እንዳይወጣ ክዳኑን አጥብቆ ገጥሞ ሦስት ወር መጠበቅ ይበቃል ይላል። የተጻፈውን አንድም ሳላጎድል ፈጸምኩ። በሦስተኛው ሳምንት ክዳኑን ሳነሣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ከሥር ጥቁር ውኃ አቁሯል፣ የድንቹ ልጣጭ ሳይፈርስ ዝልግልግ ብሏል፣ ትልም አፍርቷል። ወረቀቱን ይዤ ወደ መሥሪያ ቤቱ ብሄድ ያነጋገረኝ ሠራተኛ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቀኝ «እንደተጻፈው ያድርጉ፤ የሚፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው» ብሎ መለሰኝ። በእርሱ አዝኛለሁ፤ ይበልጥ የማዝነው ግን አፍንጫዬ የነገረኝን ትቼ ወረቀቱን በማመን ሌላ አምስት ሳምንት በመጠበቄ ነው።

ስህተቱ ክዳኑ ላይ ነበር። ትርፍራፊውን ወደ ጥሩ አፈር የሚለውጡት ረቂቅ ተሕዋስያን አየር ይፈልጋሉ፤ አየር ሲያጡ ቦታቸውን ያለ አየር የሚኖሩት ይይዙና ያንን የሚከረፋ ጋዝና ሜቴንን ያመነጫሉ። ሜቴን ደግሞ በ100 ዓመት ሲሰላ ሙቀትን በማመቅ ረገድ ተመሳሳይ ክብደት ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ቆሻሻው በማጠራቀሚያ ቦታ ተቀብሮ እንዳያደርሰው የፈለግሁትን ጉዳት እኔው በጓሮዬ እያደረስኩ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ቁጭት አልረሳውም።

በርሜሉን ገልብጬ ከሥሩና ከጎኖቹ በሳሁት፣ ከታች ወፍራም ጭራሮ አነጠፍኩ፣ የረጠበውንም ከደረቅ ቅጠልና ከተቀደደ ካርቶን ጋር ቀላቀልኩ። መጻሕፍቱ በእርጥቡ ልጣጭ ለሚበዛው ናይትሮጅን አንድ እጅ፣ በደረቁ ቅጠልና ካርቶን ከሚበዛው ካርቦን ከ25 እስከ 30 እጅ ያስፈልጋል ይላሉ፤ ይህን በቤት ውስጥ ማንም ሊለካው ስለማይችል፣ እኔ ለአንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ነገር እጨምራለሁ። እርጥበቱን የማውቀው በእጄ ጨብጬ ነው፦ አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው፤ ከዚያ በላይ ከፈሰሰ ካርቶን እጨምርበታለሁ። በየሳምንቱ ሳገላብጠው ሽታው ጠፋ፤ በአራተኛው ቀን እጄን ወደ መሐሉ ብሰድድ ትኩስ ነበር። ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ አሁንም አብሮኝ አለ።

«ይበሰብሳል» ተብለው የሚሸጡትን ከረጢቶች ግን እንዳትገዙ እመክራለሁ። ብዙዎቹ የሚፈርሱት 60 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ጠብቆ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ የእኔው ከስድስት ወር በኋላ ጽሑፉ ሳይቀር እንዳለ ወጣ።

ያልጠበቅሁት ጥቅም ትርፍራፊውን የማጠራቅምበት ባልዲ ዓይኔን መግለጡ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2011 በዓለም ለሰው ከሚመረተው ምግብ ሲሶ ያህሉ እንደሚጠፋ ወይም እንደሚጣል ገምቶ ነበር፤ እኔም ገዝቼ የረሳሁትን፣ ሳይቀመስ የሻገተውን በየቀኑ በገዛ እጄ ስደፋ ድርሻዬን አየሁት። አሁን መደርደሪያውን ሳልፈትሽ ገበያ አልወጣም፤ ባልዲውም በሳምንት ሁለት ጊዜ ይሞላ የነበረው አንድ ጊዜ ብቻ ይሞላል። የደረሰውን ብስባሽ በወንፊት ነፍቼ ለአትክልቱ እሰጠዋለሁ፤ በወንፊቱ ላይ የሚቀረውን ጭራሮና የእንቁላል ቅርፊት ለአዲሱ ማስጀመሪያ እንዲሆን ወደ በርሜሉ እመልሰዋለሁ።